አሮጌውን ከማፍረሳችን በፊት...

(የጋይንት፣ የስማዳና የእስቴ ተወላጆች ለአንድ ደብር ሕንፃ ገንዘብ ለማሰባሰብ አዲስ አበባ ላይ ባደረጉት ስብሰባ፣ በግንባታ ሙያ የኖሩ የአገሩ ተወላጅ ያሰሙት ንግግር ነው። የደብሩም የተናጋሪውም ስም እንዳይጠቀስ ስለተጠየቅን ትተነዋል። — ዝግጅት ክፍሉ)



ኮሚቴው ሩብ ሰዓት ነው የፈቀደልኝ። ሩብ ሰዓት ለጋይንት ሰው የሰላምታ መጀመሪያ ነው። ስለዚህ የከብቱንም የአዝመራውንም ደኅንነት እንደጠየቅኋችሁ ይቆጠርልኝና ወደ ጉዳዬ ልግባ።

የመጣሁት ላዋጣ ነው፤ ልቃወምም ነው። በተበተነው ወረቀት ላይ «አሮጌው ቤተ ክርስቲያን ፈርሶ በምትኩ ዘመናዊ የብሎኬት ሕንፃ ይሠራል» ይላል። «ይሠራል» የምትለዋን ወድጃታለሁ። «ፈርሶ» የምትለዋ ናት የጎረበጠችኝ። ይህን ስል ጭብጨባው እንደሚቀንስብኝ አውቃለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ግድግዳ ሳቆም ኖሬ፣ ግድግዳ ልናፈርስ ስንነሳ ዝም ብል ሙያዬ ይፈርድብኛል።

አስቀድሜ ራሴን ልክሰስ። የአባቴ ቤት ከነፋስ መውጫ በእግር የሁለት ሰዓት መንገድ ነው። አገሩን ታውቁታላችሁ፤ ከተማዋ ስሟን በከንቱ አላገኘችም። ቤቱ ክብ ነው። ግድግዳው በጭቃ የተያያዘ ድንጋይ ነው፣ ውፍረቱ ክንድ ያልፋል። ክዳኑ ጓሳ። ልጅ ሆኜ ከግድግዳው ጋር ተጣብቄ ነበር የምተኛው፤ ፀሐይ ቀን ያሞቀችው ድንጋይ እስከ እኩለ ሌሊት ሙቀቱን አይለቅም። ታዲያ ተምሬ፣ ደመወዝ በልቼ፣ ለእናቴ ምን ሠራሁላት? እንደ ሁላችሁም ቆርቆሮ ቤት! የባሕር ዛፍ ግድግዳ፣ የጭቃ ምርጊት፣ ከላይ ባለ 32 ጌጅ ቆርቆሮ። መንደሩ እልል አለ። እኔም አበጥሁ።

በዓመቱ ለጥምቀት ብሄድ የእናቴ አልጋ በአዲሱ ቤት ውስጥ የለም። «እማዬ፣ የት ነው የምትተኚው?» አልኋት። «ማድ ቤት ነዋ ልጄ። ይኸኛውማ የእንግዳ ነው፤ ሌሊት ሌሊት ላዬ ላይ ያልብብኛል» አለችኝ። ማድ ቤቱ አባቴ የሠራው የድሮው ቤት ነው። የተማርሁት እኔ፣ የገባት እሷ!

ነገሩ እንዲህ ነው። ቆርቆሮ ስስ ብረት ነው። ቀን ፀሐይ ሲመታው ይግላል፤ ማታ ሰማዩ ጥርት ሲል ደግሞ ሙቀቱን ወደ ላይ ለቆ ከውጪው አየር እንኳ ብሶ ይቀዘቅዛል። ከሰው ትንፋሽና ከምድጃ የወጣው እንፋሎት ሲነካው ውሃ ሆኖ ይንጠባጠባል። የእናቴ «ላብ» ያ ነው። ሳር ግን በአገዳውና በአገዳው መካከል አየር አስሮ ይይዛል፤ የታሰረ አየር ደግሞ ብርድም ሆነ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም። ብርድ ልብስ በሉት። ወደ ስማዳ ቆላ፣ ወደ በሽሎና ወደ ዓባይ ሸለቆ ስትወርዱ ያው ቆርቆሮ ምጣድ ይሆናል። ደጋ ላይ የሚያበርድ፣ ቆላ ላይ የሚጠብስ ቤት ነው የሠራነው።

ታዲያ ለምን ሁላችንም ቆርቆሮ ቆርቆሮ እንላለን? አንዱ ምክንያት ከላይ የመጣ ነው። ባለሥልጣኖቻችን ገበሬው «ተለወጠ» ለማለት ሲፈልጉ የሚቆጥሩት ቆርቆሮ ነው። ሳር ቤት የድህነት፣ ቆርቆሮ ቤት የልማት ምልክት ተብሎ በሪፖርት ይነበባል። ከሥሩ ያለው ሰው በርዶት ይደር፣ ጦሙን ይደር፣ የሚጠይቅ የለም። ጋይንትና ስማዳ እኮ ከ1997 ዓ.ም. ጀምሮ በሴፍቲኔት የተያዙ ወረዳዎች ናቸው! የጎደለው እህል በሪፖርት አያብረቀርቅም፤ ቆርቆሮው ግን ያብረቀርቃል።

ይሁን እንጂ እውነቱን እንነጋገር ከተባለ ሳሩም የለም። ከ4,000 ሜትር በላይ የሚረዝመው ጉና እንኳ እርሻው ሽቅብ እየወጣ ጓሳውን ገፍቶታል። መንዞች ጓሳቸውን ከ17ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ ለዓመታት እየከለሉ፣ በወቅቱ ብቻ እያጨዱ ቤታቸውን ሲከድኑበት ኖረዋል። የ1967ቱ የመሬት አዋጅ ያንን ሥርዓት ቢያፈርሰውም ማኅበረሰቡ በኋላ ራሱ መልሶ አቁሞታል። እኛ ጋ ያለው ጓሳ ለሁሉም ጎጆ የሚበቃ አይደለም። ደግሞ ሳር ቤት ጢስ ይፈልጋል፤ ክዳኑን ከነፍሳትና ከብስባሴ የሚጠብቀው ጥላሸቱ ነው። ያ ጢስ የእናቶቻችንን ዓይን በልቷል፣ ሳንባቸውንም። ስለዚህ «ወደ ጎጆ እንመለስ» እያልሁ የምዘፍን የባህል ምግብ ቤት ባለቤት አይደለሁም።

እኔ የምለው ቆርቆሮው ብቻውን አይሁን ነው። ፍራንሲስ ኬሬ የሚባል የቡርኪና ፋሶ ሰው አለ። ጋንዶ በምትባል የትውልድ መንደሩ በ2001 እ.ኤ.አ. ያስጨረሰው ትምህርት ቤት ግድግዳው ሸክላ አፈር ነው፤ ከላይ ቆርቆሮ አለው። ግን ቆርቆሮው ከክፍሉ ጋር አይገናኝም። በመካከል የሸክላ ኮርኒስ አለ፣ ከኮርኒሱ በላይ ነፋስ የሚያልፍበት ባዶ ቦታ አለ፣ ቆርቆሮው ከዚያ በላይ በብረት ተሸካሚ ላይ ተነስቷል። ፀሐዩንና ዝናቡን ቆርቆሮው ይመክታል፤ ሙቀቱን ነፋሱ ይዞት ይሄዳል። ሰውዬው በ2022 እ.ኤ.አ. በሥነ ሕንፃ የዓለም ትልቁ የሚባለውን የፕሪትዝከር ሽልማት ሲወስድ ከአፍሪካ የመጀመሪያው ሆነ። እኛ ዘንድ ደግሞ ከቆርቆሮው በታች ቀርከሃ ወይም ጭራሮ ደርድሮ በጭድ ጭቃ መምረግ፣ የተረፈውንም ሳር እዚያ ላይ ማንጠፍ ይቻላል። እናቴ ቤት ይህንኑ አድርጌያለሁ። አልጋዋ ተመልሷል።

ሁለተኛው የቆርቆሮ ጉዳይ ውሃው ነው። ሽማግሌዎቹ ዝናቡ እንደ ድሮው አይደለም ይላሉ፤ ዘግይቶ ይመጣል፣ ሲመጣም የሳምንቱን በአንድ ከሰዓት ይጥለዋል። ሳይንሱም ይህን አይቃወምም። አየር በ1 ዲግሪ በሞቀ ቁጥር 7 በመቶ ያህል ተጨማሪ እርጥበት መሸከም ይችላል፤ የተሸከመውን ሲያፈስ ደግሞ በኃይል ነው። የሳር ክዳን ጠርዙ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይወርዳል፣ ውሃውንም ያዘገየዋል። ቆርቆሮ ግን ሁሉንም ባንዴ ወርውሮ ግድግዳው እግር ሥር ይቆፍራል። አሸንዳ የሌለው ቆርቆሮ የራሱን ቤት መሠረት የሚበላ ነው።

አሸንዳ ቢኖረውስ? እስቲ አብረን እናስላ። በ1 ካሬ ሜትር ላይ የወረደ 1 ሚሊ ሜትር ዝናብ 1 ሊትር ነው። ጣሪያው 40 ካሬ ሜትር ቢሆን፣ በዓመት 1,000 ሚሊ ሜትር ቢዘንብ 40,000 ሊትር! ሩቡ ባክኖ እንኳ 30,000 ሊትር፣ ማለትም 1,500 ጀሪካን ይቀራል። የስማዳ ሴት ለአንድ ጀሪካን ስንት ዳገት እንደምትወጣ እዚህ ያላችሁ እናቶች ከእኔ በላይ ታውቃላችሁ። ቆርቆሮ የምንልክ ልጆች አሸንዳና በርሜል የማንልከው ለምንድን ነው? ፎቶ ላይ ስለማይታይ ይሆን?

አሁን ወደ ቤተ ክርስቲያናችን ልምጣ።

ከመካከላችሁ ድጓ የተማራችሁ አባቶች ቤተልሔምን ታውቃላችሁ። የድጓ ምስክር የሚሆንባት፣ የጋይንት ኩራት። በ1955 እ.ኤ.አ. ቶማስ ፓክንሃም የሚባል፣ ገና ከኦክስፎርድ የወጣ ወጣት ወደዚያ ሄዶ ነበር። ከውጪ ሲያያት እንደ ሌሎቹ ክብ፣ ባለ ሳር ክዳን ናት። ውስጥ ሲገባ በክቡ መሃል ባለ አራት ማዕዘን፣ የመካከለኛው ዘመን የድንጋይ ቤተ ክርስቲያን ቆሞ አየ። በ1959 እ.ኤ.አ. ባሳተመው መጽሐፉ ታሪኩን ለዓለም ነገረ። «አገኘ» ይሉታል ፈረንጆቹ። ጠፍታ ነበር እንዴ? የቆሎ ተማሪው እዚያው ደጃፏ ላይ ዜማውን ይቀጽል ነበር!

ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ግን ሌላ ነው። ያንን ክብ የሠሩት አባቶች አሮጌውን አላፈረሱም። ካባ አለበሱት። ዝናብ የሚመታው፣ በረዶ የሚወግረው፣ በየጊዜው የሚታደሰው ካባው ነው፤ ውስጡ ያለው ድንጋይ ስንት መቶ ክረምት ደርቆ አሳለፈ። ዛሬ በውጭ አገር ትምህርት ቤት «ነባር ሕንፃን ለአየር ንብረት ለውጥ ማዘጋጀት» እየተባለ በዲግሪ የሚሰጠውን ነገር የጋይንት ሰው በሳርና በምሰሶ ሠርቶታል።

እኛስ ምን አደረግን? ባለፈው በጋ ወርጄ ደብራችንን ዙሪያውን አይቼዋለሁ። ግድግዳው ደህና ነው። የታመመው በሦስት ቦታ ነው፣ ሦስቱም የእኛ ሥራ ናቸው። ያኔ አዋጥተን ያለበስነው ቆርቆሮ አሸንዳ የለውም፤ በሰሜን በኩል መሠረቱ ተሸርሽሯል። ሚስማሩ ላልቶ መቅደሱ ዙሪያ ያለው ሥዕል ላይ ውሃ ወርዷል። ከሁሉም የከፋው ደግሞ «እናጠንክረው» ብለን ድንጋዩን ከውጪ በሲሚንቶ መለሰናችን ነው። ጭቃ ይተነፍሳል፤ ሲሚንቶ አይተነፍስም። ከሥር የወጣው እርጥበት መውጫ አጥቶ ግድግዳው ውስጥ ተኝቷል፤ ስንጥቁ የመጣው ከዚያ ነው። ይህን ስህተት ቀድሞ ጣሊያን ሠርቶታል። የጎንደር ግንቦች የተያያዙት በኖራ ነው፤ በወረራው ዘመን በሲሚንቶ ተጠገኑ። ከዚያ በኋላ ዩኔስኮ የገባበት ጥገና ያንን እያነሳ በኖራ መመለስ ነበረበት።

ማፍረስ ይቀላል ትሉኝ ይሆናል። ይቀላል እንጂ! በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ላይ ስንት ዕድሜ ያለው ሰፈር በምን ያህል ቀን ሜዳ እንደሆነ ያየ ሰው ይህን አይጠይቅም። ግን ላስታዎች ጎረቤቶቻችን ናቸው፤ ከእነሱ እንማር። የላሊበላ ፈልፋዮች ከዓለቱ ጋር አብረው የጎርፍ መውረጃ ቦይ ፈልፍለዋል። እኛ በ2000 ዓ.ም. በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ ለጊዜው ተብሎ፣ በላያቸው ግዙፍ መጠለያ አቆምንባቸው፤ በ2011 ዓ.ም. ሕዝቡ «ይህ ነገር ሊወድቅብን ነው» ብሎ በሰልፍ ወጣ። እኔ ብሆን ከቦዩ ነበር የምጀምረው።

ሌላም አለ። ብሎኬቱ፣ አሸዋው፣ ሲሚንቶው በመኪና ይግባ ከተባለ ጽዱና ወይራው መቆረጡ ነው። በደቡብ ጎንደር የቤተ ክርስቲያን ደኖች ላይ የዶክትሬት ጥናታቸውን የሠሩት ዶ/ር ዓለማየሁ ዋሴ ከየደብሩ ሕዝብ ጋር ሆነው በደኖቹ ዙሪያ የድንጋይ ካብ ሲያሠሩ ኖረዋል፤ እኛ ደግሞ መኪና ለማስገባት ካቡን ልንንድ ነው። ሲሚንቶውስ ይደርሳል ወይ? በነሐሴ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ነፋስ መውጫ ደርሶ ሆስፒታሉ ሳይቀር ተዘርፏል። በ2015 መጨረሻ ደግሞ ክልሉ ሌላ ጦርነት ውስጥ ገባ። መንገድ በተዘጋ ቁጥር ግማሽ የቆመ ብሎኬት ዝናብ ሲመታው ይከርማል፤ አሮጌው ፈርሶ፣ አዲሱ ሳይጨረስ፣ ታቦቱ በድንኳን። እንዲህ የቀረ ደብር ስም ጥሩ ብትሉኝ አልጠራም፤ እናንተ ግን በልባችሁ ጠርታችሁታል።

እንግዲህ የምጠይቀው ይህን ነው። የተዋጣው ገንዘብ ለሁለት ይከፈል። አዲስ ሕንፃ ከተፈለገ ለአብነት ተማሪዎቹ ማደሪያ በሜዳው በኩል፣ ከዛፎቹ ራቅ ብሎ ይሠራ፤ የበረዳቸው እነሱ ናቸው። በቀረው ቤተ ክርስቲያኑ ይታከም። ሲሚንቶው በመሮ ቀስ ተብሎ ይነሳ፣ ግድግዳው በኖራ ይመለስ፣ ከቆርቆሮው በታች ኮርኒስ ይግባ፣ አሸንዳው ወደ ታንከር ይውረድ። ሒሳቡን በወረቀት አድርጌ ለኮሚቴው ሰጥቻለሁ፤ የእኔ ድካም ዋጋ አልገባበትም።

በደብሩ ዙሪያ የድንጋይና የጭቃ ግንብ በወጉ የሚያውቁ የቀሩት ሁለት ሽማግሌዎች ናቸው። የአንደኛው ዓይን ደክሟል፤ እጃቸው ግን ድንጋዩን ያውቀዋል። ሥራው ሲጀመር ሁለት ሦስት ወጣት ከጎናቸው ይቁም፣ የቀን ሂሳቡም ለሽማግሌዎቹ ሳይቀነስ ይከፈል። ሌላው ሁሉ ለሚቀጥለው ስብሰባ ይቆይ ብትሉ ግድ የለም። በሰሜን በኩል ያለው ቦይ ግን ከግንቦት በፊት መቆፈር አለበት። ለእሱ የሚበቃው ገንዘብ ዛሬ ጠረጴዛው ላይ አለ።