የመምህር ጠባይና በራሱ መታመኑ በልብ ጭንቀቱ ላይ ስላላቸው ኃይል



መምህር ከቤቱ ወጥቶ ወደ ትምህርት ቤት ሲሄድ በትከሻው ላይ የሚታይ ሸክም የለበትም። ስለዚህ ሥራው እንደ አራሽ ወይም እንደ ግንበኛ ሥራ የሚያደክም የማይመስለው ሰው ብዙ ነው። ነገር ግን ስድሳና ሰባ ሕፃናት በዓይኑ ሲጠብቅ፥ አንዱን ሲያስነብብ ሌላውን ሲገሥጽ የዋለ ሰው፥ ማታ እንቅልፍ እምቢ ቢለው፥ በትንሽ ነገርም ቢቈጣ ሊያስደንቅ አይገባም።

ይህ የልብ ጭንቀት በሐሳብ ብቻ የሚቀር አይደለም። ሐንስ ሴልዬ የተባለ፥ በቪዬና ተወልዶ በካናዳ በሞንትሪያል ከተማ ይሠራ የነበረ ሊቅ፥ በአውሮፓ አቈጣጠር በ1936 ዓመት ባሳተመው አጭር ጽሑፍ እንዲህ ሲል ገለጠ፤ አይጦች በብርድም ሆነ በድካም ወይም በመድኃኒት ብዛት ቢጐዱ፥ የጉዳቱ ምክንያት ልዩ ልዩ ሲሆን በሥጋቸው ውስጥ የሚታየው ምልክት ግን ተመሳሳይ ነው፤ ከኵላሊት በላይ ያለው ዕጢ ያብጣል፥ ጨጓራም ይቈስላል። ሰው ግን መከራው ሳይደርስበት አስቀድሞ በሐሳቡ ይጨነቃል። ነገ የሚመጣውን ተቈጣጣሪ ዛሬ ሌሊት በአልጋው ላይ ሆኖ ያየዋል።

የጠባይ ልዩነት የሚገለጠው በዚህ ላይ ነው። ለምሳሌ ያህል፥ በሁለት ክፍል ውስጥ በአንድ ቀን አንድ ዓይነት ነገር ሆነ እንበል። አንድ ሕፃን እጁን አንሥቶ «በሰሌዳው ላይ የተጻፈው ድምር ተሳስቷል» አለ። በአንደኛው ክፍል ያለችው መምህርት ድምሩን ተመልክታ «ጐሽ ልጄ፥ መልካም አየህ» ብላ አጠፋችውና ሕፃኑን ጠርታ ጠመኔውን ሰጠችው። በሁለተኛው ክፍል ያለው መምህር ግን ፊቱ ተለወጠ፤ የተዋረደ መሰለው፤ ሕፃኑንም አንበረከከው። ከዚያ ቀን ጀምሮ በዚያ ክፍል የሚጠይቅ ልጅ ጠፋ፤ መምህሩም ዝምታውን እንደ ንቀት ቈጥሮ ሌሊቱን ሲያሰላስል አደረ። በሁለቱም ሰሌዳ ላይ የነበረው ስሕተት አንድ ነው።

ሁለተኛው መምህር ክፉ ሰው ነው ማለት አይደለም። ከተፈጥሮው ሥጋት የሚበዛበት ሰው አለ። እንዲህ ያለው ሰው ብዙ ጊዜ የልጆቹን ደብተር በትጋት የሚያርም፥ ሳይዘጋጅ ወደ ክፍል የማይገባ ነውና ለትምህርት ቤት ይጠቅማል። የሚጐዳው ጥቂት ጕድለት በሥራው ቢያገኝ ሁለንተናው የጐደለ ስለሚመስለው ነው። ደግሞም ዝምተኛውን ሁሉ ፈሪ፥ ድምፁን ከፍ የሚያደርገውን ሁሉ በራሱ የታመነ አድርጎ መገመት ስሕተት ነው፤ ጩኸት ብዙ ጊዜ የፍርሃት ልብስ ነው።

በራስ መታመን ምን እንደ ሆነ በአሜሪካ በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አልበርት ባንዱራ በ1977 ባወጣው ጽሑፍ አስረድቷል። ሰው በሁሉ ነገር ይታመናል ወይም በሁሉ ይፈራል አላለም፤ «ይህን ሥራ እችለዋለሁ» የሚለው እምነት ለየሥራው የተለየ ነው እንጂ። ሒሳብ አጥርቶ የሚያውቅ ሰው በልጆች ፊት መቆም ሊፈራ ይችላል። ይህም እምነት የሚገኘው ሥራውን ራሱ ሠርቶ በማሳካት፥ እንደ እርሱ ያለ ሰው ሲሠራ በማየት፥ ከሚታመን ሰው በሚሰማው ቃል፥ ደግሞም ከገዛ ሥጋው ስሜት ነው፤ ከሁሉ የሚበረታው የመጀመሪያው ነው።

የቅኔ ቤት ሥርዓትን ለሚያውቅ ሰው ይህ እንግዳ ነገር አይሆንበትም። ተማሪው በሁለት ቤት ጉባኤ ቃና ይጀምራል እንጂ ስምንት ቤት ያለውን መወድስ በመጀመሪያው ቀን ቍጠር አይባልም። ቀደም ብሎ የተማረውም ለታናሹ አስነጋሪ እየሆነ፥ መምህር ከመባሉ አስቀድሞ ማስተማርን ይለምዳል። ዛሬ ግን ወደ ሩቅ ቀበሌ የሚላከው አዲስ መምህር በመጀመሪያው ሰኞ መወድሱን የተሰጠ ያህል ነው፤ ሙሉ ክፍል ይረከባል፥ በሩም ይዘጋበታል። ነባሩ መምህር በሳምንት አንድ ጊዜ ከኋላ ወንበር ቢቀመጥለት፥ አዲሱም በነባሩ ክፍል ተቀምጦ ቢያይ፥ ወጪው ምንም ነው።

ሽማግሎችም በዚህ ድርሻ አላቸው። በመምህሩ ቅር የተሰኘ ወላጅ በልጆች ፊት ቢናገረው፥ የዚያ መምህር ቃል ለብዙ ጊዜ አይሰማም። ለብቻው ጠርቶ መንገር ይሻላል። ምስጋናም ቢሆን የሠራውን ለይቶ የሚጠራ ይሁን፤ «የእገሌ ልጅ በአንተ እጅ ደብዳቤ ማንበብ ጀመረ» የሚለው ቃል «ጐበዝ ነህ» ከሚለው ይልቅ ይቀመጣል።

ነገር ግን በራስ መታመን ሁሉን ይችላል ማለት አይገባም። ሰማንያ ልጆችና ዐሥር መጻሕፍት የያዘውን፥ ደመወዙ የዘገየበትን ሰው «ልብህን አጽና» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት በ2019 ስለ ሥራ መዛል ባወጣው ትርጓሜ፥ መዛሉ በሥራ ቦታ ከቈየና በሚገባ ካልተያዘ ጭንቀት የሚመጣ ነው አለ እንጂ በበሽታዎች ተራ አልቈጠረውም። እንቅልፉ ለብዙ ሳምንት የጠፋበት መምህር ግን ወደ ጤና ጣቢያ መሄድን አይፈር።

ሽማግሎች የትምህርት ቤቱን ጣራ ለመክደን በሚሰበሰቡበት ቀን፥ አዲሱን መምህር ጠርተው በክፍሉ ስንት ልጆች እንዳሉ፥ የትኛውም ትምህርት እንደሚያስቸግረው ይጠይቁት።