ከመድኃኒቱ ፊቱ!

(ከዚህ በታች የቀረበው አንዲት ጡረታ የወጡ ነርስ በነርሶች ምረቃ ላይ ያደረጉት ንግግር ነው።)



ንግግር አድርጊ ስባል ስለ ርኅራኄ ልናገር ወይስ ስለ ደመወዝ ብዬ አሰብኩ። ሁለቱ የማይነጣጠሉ ሆነው አገኘኋቸው። ስለዚህ ስለ ሁለቱም እናገራለሁ፤ የሚከፋው ይክፋው!

አበው «ከፍትፍቱ ፊቱ» ይላሉ። መድኃኒትም እንደዚያው ነው። ይኼ ስብከት እንዳይመስላችሁ፤ የሙያ ጉዳይ ነው። «በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም» እንላለን። ለመሆኑ በሽተኛው የሚደብቀው ለምንድነው? 30 ዓመት ዎርድ ውስጥ ያየሁት መልስ አጭር ነው፤ ስለሚፈራን!

ከገጠር የመጣች እናት ካርድ ክፍል ትገላመጣለች፤ ወረፋ ላይ ትገላመጣለች። ሐኪሙ ዘንድ ስትደርስ ደንግጣ ደም እንደሚፈሳት ሳትናገር «ሆዴን ያመኛል» ብላ ትወጣለች። የሳንባ ነቀርሳ መድኃኒት የጀመረ ጎረምሳ አንድ ቀን ቀረ ተብሎ ተሰድቦ ሁለተኛ ድርሽ አይልም። የወራት መድኃኒት ሲቋረጥ ምን እንደሚከተል ተምራችኋል፤ ተህዋሱ መድኃኒቱን ይለምደዋል፤ ለጎረቤትም ይተርፋል። አንዲት ቁጣ ስንት ሰው እንደምትጎዳ አያችሁ?

ወሊድንም ውሰዱ። በ2008 ዓ.ም. በተካሄደው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት ከዚያ በፊት በነበሩት 5 ዓመታት በጤና ተቋም የተካሄደው ወሊድ 26 በመቶ ብቻ ነበር። መንገዱ ሩቅ ነው፤ ገንዘብም የለም፤ እውነት ነው። ነገር ግን በምጥ ላይ ያለችን ሴት «ምን ያስጮኽሻል?» ብሎ መሳደብም እቤቷ ያስቀራታል።

መንግሥት ይህን አያውቅም አይባልም። በ2008 ዓ.ም. በጀመረው የጤናው ዘርፍ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ሩኅሩኅ፣ አክባሪና ተንከባካቢ ባለሙያ ማፍራትን ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱ አደረገው። እሰየው! ግን ለባለሙያው ማን ይራራለት? ሌሊቱን ሙሉ ዎርዱን ብቻዋን ስትጠብቅ የምታድረው ነርስ፣ ጓንት ሲያልቅ «ከውጭ ግዙ» የምትለው እሷ፣ የምትሰደበውም እሷ! በግንቦት 2011 ዓ.ም. ሐኪሞችና የሕክምና ተማሪዎች ሰልፍ ወጥተው ጮኹ። በግንቦት 2017 ዓ.ም. ደግሞ ባለሙያዎች ደመወዙ አላኖረንም ብለው ሥራ ሲያቆሙ በርካቶቹ ታሰሩ። ርኅራኄን በመፈክር ጠይቆ በእስር መመለስ ከየት የመጣ ሕክምና ነው?

ይህን ካልኩ ዘንድ ወደ እናንተ ልመለስ። ልጆቼ፣ ደመወዛችሁን ያሳነሰው በሽተኛው አይደለም። በጀት የማይጠይቅ ነገር ሞልቷል። «የ7 ቁጥሯ» ከማለት «እማማ፣ እንዴት አደሩ?» በሉ። መርፌውን ከመውጋታችሁ በፊት ምን እንደሆነ ንገሩት። ስታገላብጡት መጋረጃ ሳቡ፤ መጋረጃ ከሌለ ነጠላ ዘርጉ። መድኃኒት ከሌለ የሚገኝበትን ጠቁሙ። ሰው የሞተበትን ኮሪደር ላይ አታርዱት፤ አስቀምጡት፣ ውኃ ስጡት።

የርኅራኄን ፍሬ ማየት የሚፈልግ ወይዘሮ ማሚቱ ጋሼን ይመልከት። ከዶክተር ካትሪን ሐምሊንና ከባለቤታቸው ዘንድ የገቡት የፊስቱላ ታማሚ ሆነው ነው። ማንበብና መጻፍ አያውቁም ነበር። አልጋ ከማንጠፍ ተነስተው የፊስቱላ ቀዶ ሕክምና እስከ መሥራት ደረሱ። ሐኪሞቹ በሽታዋን ብቻ አይተው ቢሆን ኖሮ ያቺ ባለሙያ ከየት ትገኝ ነበር?

ወላጆች፣ ለእናንተም አንድ ቃል አለኝ። አስታማሚ ሆናችሁ ስትመጡ ነርሷ ላይ አትጩኹ። መድኃኒቱን የደበቀችው እሷ አይደለችም። «ለምን የለም?» የሚለውን ጥያቄ ማቅረብ ላለበት አካል አቅርቡ፤ ከነርሷም ጋር አብራችሁ ጠይቁ!

እናንተም ልጆቼ፣ ለመብታችሁ ተከራከሩ፤ አንገታችሁን አትድፉ። ነገር ግን ያልተከፈላችሁን ሂሳብ አልጋ ላይ ከወደቀው ሰው አትቀበሉ። እሱም እንደ እናንተው ተበድሏል።

እንኳን ደስ ያላችሁ!