የአሮጌ ጣሳ ክዳን

በአሜሪካ አገር፣ በቨርጂኒያ ግዛት፣ በሪችመንድ ከተማ፣ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጃንዋሪ 24 ቀን 1935 የክሩገር ቢራ በጣሳ ታሽጎ ለመጀመሪያ ጊዜ ለገበያ ከቀረበ ወዲህ፣ መጠጡ ሲያልቅ ይጣል የነበረው ይህ ዕቃ ዛሬ እንደ ውድ ቅርስ የሚጠብቁት ሰብሳቢዎችን አግኝቷል።

ይሁን እንጂ ለብዙ ዘመን በእርጥብ ምድር ተጥሎ የኖረ ጣሳ፣ ሥዕሉና ጽሕፈቱ በኦክሳሊክ አሲድ ብጥብጥ ተዘፍዝፎ ከዝገት ቢነጻም እንኳ፣ ክዳኑ ብዙ ጊዜ ሊድን የማይችል ሆኖ ስለሚገኝ፣ አዳሹ አንሥቶ በሌላ ይተካዋል።

ሥራው ትዕግሥትን ይሻል። ክዳኑና የጣሳው አካል ጠርዝ ለጠርዝ ተጣጥፈው የተቆለፉ ስለ ሆኑ፣ ባለሙያው የእጥፋቱን ጫፍ በሞረድ ቀስ በቀስ እያሳሳ ክዳኑ በራሱ እስኪላቀቅ ይጠብቃል እንጂ በኃይል አይነቅለውም፤ በኃይል የነቀለው እንደ ሆነ ቀጭኑ ቆርቆሮ ይጨማደዳል፣ ቀለሙም ይረግፋል። ከዚያም ከተራ ጣሳ የተወሰደ፣ በስፋቱ አቻ የሆነ ክዳን ይገጥምለታል።

ነገር ግን ክዳን የዘመን ምስክር ነው። የ1935ቱ ጣሳ በሹል መክፈቻ የሚበሳ ጠፍጣፋ ክዳን የነበረው ሲሆን፣ በጣት ተስቦ የሚከፈተው በ1960ዎቹ መባቻ የመጣ ስለ ሆነ፣ የኋለኛውን በፊተኛው ላይ መግጠም ታሪክን ማፋለስ ነው። ስለዚህ ጣሳውን የሚሸጥ ወይም የሚለውጥ ሁሉ ክዳኑ የተተካ መሆኑን በግልጽ ይናገር፤ እድሳት ለቅርስ ክብር የሚሆነው ከእውነት ጋር ሲሆን ብቻ ነውና።