የተዘለሉት መበለቶች

በኢየሩሳሌም የነበሩት የመጀመሪያዎቹ ክርስቲያኖች ያላቸውን በጋራ ያደርጉ ነበር። ጠብ የመጣው በማዕድ ነው። ከመካከላቸው ግሪክኛ ተናጋሪዎቹ፣ በየዕለቱ ምግብ ሲታደል መበለቶቻችን ይዘለላሉ ብለው አጉረመረሙ። ሐዋርያትም ቅሬታውን አላድበሰበሱትም፤ ምእመናኑ ሰባት ሰዎች እንዲመርጡ አደረጉ። የሐዋርያት ሥራ ምዕራፍ 6 ስማቸውን ይዘረዝራል፦ እስጢፋኖስ፣ ፊልጶስ፣ ጵሮኮሮስ... ሁሉም የግሪክ ስም ነው! ከሰባቱ ኒቆላዎስማ ጭራሽ ወደ አይሁድ እምነት የገባ የአንጾኪያ ሰው ነበር። ከስማቸው እንደሚገመተው፣ የጓዳው ቁልፍ ለተበዳዮቹ ወገን ተሰጠ ማለት ነው። እኛ ብንሆን፣ ቢበዛ አንድ ሁለት ወንበር እንለቅላቸው ነበር። ከሰባቱ አንዱ፣ ፊልጶስ፣ ኋላ በጋዛ መንገድ ኢትዮጵያዊውን ጃንደረባ ያጠመቀው ነው። እናንተም ዛሬ በየማኅበራችሁ ማን እንደተዘለለ እስቲ ጠይቁ።