የፕላስቲክ ውኃ ቧንቧ ማያያዣ አመራረጥና አገጣጠም
(በጠቅላላ ስብሰባ ላይ በማኅበሩ ጸሐፊ የተደረገ ንግግር)



ዛሬ የምንነጋገረው ትልቅ ስለሚመስል ጉዳይ አይደለም። መዳፍ ውስጥ ስለምትገባ አንዲት የፕላስቲክ ማያያዣ ነው። ነገር ግን ባለፈው ክረምት ሁላችንም ከጉሮሯችን ነጥለን ያዋጣነውን ገንዘብ ያባከነችው እሷው በመሆኗ፣ ዳግመኛ የማስተላለፊያ መስመር ከመዘርጋታችን በፊት ነገሩን በግልጽ መነጋገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

እንደምታስታውሱት ከቆጣሪው እስከ መንደራችን ጫፍ የነበረው የብረት ቧንቧ ዝጎ ስለበሳ፣ በጥቁሩ የፕላስቲክ ቧንቧ ለመተካት ተስማማን። ቧንቧውን ገዛን፣ ማያያዣውን ገዛን፣ ወጣቶቹ ቆፈሩ። ቀኑ የውኃ ፈረቃችን አልነበረም፤ ዝናቡም መጣ መጣ ይል ነበር። ስለዚህ ቶሎ ቶሎ አልንና በዚያው ቀን አፈሩን መልሰን ደለደልነው። ታዲያ ምን ሆነ መሰላችሁ? በሦስተኛው ሌሊት ውኃው በሙሉ ጉልበቱ ሲመጣ መጋጠሚያው ተላቀቀ። ሲነጋ መንገዱ ጭቃ፣ የእማማ የጭቃ ግድግዳ እስከ ግማሹ ርሶ ተገኘ።

እኛ የኮሚቴው ሰዎች ወዲያው ጥፋቱን በሻጩ ላይ አደረግን። «የማይረባ ዕቃ ሸጥክልን» ልንለው ማያያዣውን ቆፍረን አውጥተን ሄድን። ሰውየው ፈታትቶ አሳየን። ቧንቧው በመጋዝ ሰያፍ ተቆርጧል፤ ጫፉም ከጎማው ቀለበት አላለፈም፤ ደጃፉ ላይ ቆሞ ቀርቷል። ሻጩን ልንከስ ሄደን ራሳችንን ከስሰን ተመለስን። ይህንን ሳንደብቅ የምንነግራችሁ ዳግመኛ እንዳይደርስ ነው።

ይልቁንም የባሰው የተላቀቀው መጋጠሚያ አልነበረም። እሱ ጮኾ ተናግሯል። የባሰው ሳይላቀቅ ዝም ብሎ የሚያንጠባጥበው ሌላኛው ነበር። በየሰከንዱ አንዲት ጠብታ ብትወርድ በቀን 4 ሊትር ያህል ይሆናል። በደቂቃ ሩብ ሊትር የሚፈስ ከሆነ ደግሞ በቀን 360 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትሩ ጀሪካን 18 ጊዜ መሙላት ነው። ይህ ሁሉ ቆጣሪ ላይ ይመዘገባል፤ የምንከፍለውም እኛው ነን።

ከገንዘቡ ይልቅ ግን የሚያሳስበው ጤናው ነው። ውኃው በፈረቃ ሲቋረጥ ቧንቧው ባዶ ይሆናል። ባዶ ሲሆን የሚያንጠባጥበው ቀዳዳ በተራው ወደ ውስጥ ይስባል። በዙሪያው ያለው የጎርፍና የመጸዳጃ ቤት ፍሳሽ ከሆነ የሚስበው እሱኑ ነው። ከለገዳዲ ወይም ከገፈርሳ ተጣርቶ የመጣ ንጹሕ ውኃ እኛው በገጠምነው መጋጠሚያ ይበከላል ማለት ነው። ባለፈው ክረምት ውኃው ሽታ አመጣ ያላችሁ እናቶች ልክ ነበራችሁ።

እንግዲህ ወደ አመራረጡ እንምጣ። የጥቁሩ ፕላስቲክ ቧንቧ ቁጥር የሚለካው በውጭ ስፋቱ በሚሊ ሜትር ነው፤ 20፣ 25፣ 32 እየተባለ። የብረቱ ግን በኢንች ይጠራል። በግርድፉ 20ው ለግማሽ ኢንች፣ 25ቱ ለሦስት አራተኛ፣ 32ቱ ለአንድ ኢንች ምትክ ይሆናሉ። ስለዚህ ሱቅ ስንሄድ በቃል ከመናገር የቧንቧውን ቁራጭ ይዞ መሄድ ይሻላል። ማያያዣው ላይ የቧንቧው ቁጥር መጻፉን፣ ደግሞም ፒኤን 10 ወይም ፒኤን 16 የሚል መኖሩን እንይ። 10 ማለት 100 ሜትር ከፍታ ያለው ውኃ የሚያሳድረውን ግፊት ይችላል ማለት ነው። ዳዶውን ፈተን የጎማው ቀለበት ያልተሰነጠቀና ያልደረቀ መሆኑን በጣት እንዳስሰው። በእሳት እየተበየደ የሚያያዘው ፒፒአር ቧንቧና በሙጫ የሚጣበቀው ፒቪሲ ሌላ ዓይነት ናቸው፤ የየራሳቸው ማያያዣ አላቸው።

አገጣጠሙም እንደሚከተለው ነው።

1ኛ. ቧንቧውን ቀጥ አድርጎ መቁረጥ፤ ከዚያም የጫፉን ዙሪያ በቢላዋ ወይም በሞረድ ማለስለስ። ስለታም ጫፍ ጎማውን ይቀድዳል።

2ኛ. ቧንቧው ማያያዣው ውስጥ እስከ መጨረሻው የሚገባበትን ርዝመት ለክቶ በውጭ ምልክት ማድረግ። እኛ የዘለልነው ይህንን ነው።

3ኛ. ዳዶው ከተፈታ በቧንቧው ላይ መጀመሪያ ዳዶውን፣ ቀጥሎ የተሰነጠቀውን ጥርሳም ቀለበት ማስገባት። የቀለበቱ ሰፊ ወገን ወደ ማያያዣው፣ ጠባቡ ወደ ዳዶው ይዙር። ውኃው ቧንቧውን ሊያስወጣ በገፋ ቁጥር ቀለበቱ ዳዶው ውስጥ እየጠበበ የበለጠ የሚነክሰው በዚህ አቀማመጥ ነው። ከተገለበጠ አይነክስም።

4ኛ. የቧንቧውን ጫፍ በሳሙና ውኃ አርሶ ምልክቱ ድረስ መግፋት። የሞተር ዘይትና ግራሶ አንቀባም፤ የምንጠጣው ውኃ ነው።

5ኛ. ዳዶውን በእጅ አጥብቆ በመፍቻ ጥቂት መጨመር። ጎማው በቦታው ካልተቀመጠ ማጥበቅ አያድነውም፤ ዳዶውን ይሰነጥቀዋል እንጂ።

6ኛ. ቴፍሎን የሚጠመጠመው ከብረት ጋር በሚገናኘው ጥርስ ላይ ብቻ ነው። በዳዶው በኩል ውኃውን የሚይዘው ጎማው ስለሆነ ቴፍሎን አያስፈልገውም።

ወገኖቻችን፤ ከዚህ ሁሉ አንድ ነገር ብቻ ብትይዙልን ይበቃናል፦ ውኃ አልፎበት ያላየነውን መጋጠሚያ አንቅበር። ሌላው ሁሉ ቢሳሳት እንኳ ጉድጓዱ ክፍት ከሆነ ስሕተቱ ይታያል፤ በአንድ መፍቻ ይታረማል። ሳይቃጠል በቅጠል ነውና።

ስለሆነም ኮሚቴያችን የሚከተለውን ወስኗል። አዲሱ መስመር አንድ ሙሉ ፈረቃ ውኃ አድሮበት፣ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በደረቅ ጨርቅ ተጠርጎ ደረቅ መሆኑ ሳይረጋገጥ አፈር አይመለስም። ሲመለስም መጀመሪያ ድንጋይ የሌለው ደቃቅ አፈር ወይም አሸዋ ይለብሳል። ውኃው እስኪጠራ ድረስ ተለቅቆ ይፈስሳል እንጂ የመጀመሪያው አይጠጣም። ከቆጣሪው በፊት ያለው የውኃና ፍሳሽ ባለሥልጣን ንብረት ስለሆነ ማንም እንዳይነካው።

ጉድጓዱ አንድ ሁለት ቀን ደጃችሁ ላይ ክፍት ሆኖ ስታዩ እንዳታዝኑብን፤ ልጆችም እንዳይወድቁ እንጠብቅ። የእማማን ግድግዳ መልሶ ለመምረግ ጭድ ያለው ጭድ፣ ጉልበት ያለው ጉልበት ይዞ በመጪው እሑድ ጧት እንዲገኝ በማክበር እንጠይቃለን። ያበላሸነው እኛ ነን፤ የምናስተካክለውም እኛው ነን።



የማኅበሩ ጸሐፊ