እናቲቱስ?
(በማኅበራችን ስብሰባ ላይ በንባብ ቡድናችን የቀረበ)



ዘንድሮ ካነበብናቸው ታሪኮች ብዙ ያከራከረን ከፋርስ የመጣው ነው። ባለቅኔው ፊርዶውሲ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1010 በፈጸመው «ሻህናሜ» ውስጥ ይገኛል።

ጀግናው ሩስተም ታህሚናን አግብቶ አንድ ሌሊት ብቻ አብሯት አደረ። ሲለያት ጌጥ ሰጣት፤ ሴት ብትወለድ በጠጉሯ፣ ወንድ ቢሆን በክንዱ እንድታስርለት። ልጇ ሶህራብ አድጎ አባቱን ፍለጋ ሲዘምት፣ ታህሚና ሩስተምን የሚያውቀውን ወንድሟን አብራ ላከች። ሩስተም ግን ማንነቱን ሳያውቅ በሌሊት ገደለው። አባትና ልጅ በጦር ሜዳ ሲገናኙም ሶህራብ ስሙን ጠየቀው፤ ሩስተም ስሙን ካደ። ጌጡን ያየው ልጁን በጩቤ ከወጋው በኋላ ነበር።

ይህ ሞት ከሺህ ዓመት በላይ ሲተረክ ኖሯል። በኢራን ቡና ቤቶች «ናቃል» የሚባሉ ተራኪዎች እየተነሡ ሲያወሩት፣ መጨረሻውን የሚያውቀው አድማጭ እንደገና ያለቅሳል። ዩኔስኮ ይህን የትረካ ጥበብ በ2011 አስቸኳይ ጥበቃ ከሚያሻቸው ቅርሶች መዝገብ አስገብቶታል።

እኛ ግን ጥፋቱ በማን ላይ እንደሚወድቅ አስተያየን። በፊርዶውሲ ዘንድ ሩስተም ወንድ ልጅ እንዳለው ያውቃል፤ ገና ሕፃን ነው ብሎ ያስባል። እንግሊዛዊው ማቲው አርኖልድ በ1853 ባሳተመው ግጥም ግን እናቲቱ ልጇ ለጦርነት እንዳይወሰድባት ፈርታ «ሴት ወለድኩ» ብላ ልካለች። ስለዚህ የአባቱ አለማወቅ በእሷ ቃል ይጀምራል። በአንዳንድ የሻህናሜ ቅጂዎች ደግሞ የታህሚና ረጅም ለቅሶ ይገኛል፤ ሊቃውንት በኋላ የተጨመረ ነው ይሉታል። ጨማሪው የእናቲቱን ዝምታ መሸከም ያቃተው ይመስለናል።

እህቶቻችን፣ ይህ ነገር ሩቅ አይደለም። ልጅ ሲያጠፋ የእናቱ፣ ሲያለማ የአባቱ ሲባል በየቤታችን ሰምተናል። ልጅ ብቻችንን የምናሳድግ፣ አባቱን ሲጠይቀን የምንጨነቅ በመካከላችን አለን። ታህሚና የምትችለውን አድርጋለች፤ ለልጇ የአባቱን ስም ነግራዋለች፣ ጌጡን አስራለታለች፣ ወንድሟንም ልካለች። ስሙን የደበቀው ሌላ ነበር።

ስለዚህ በቡናችን ላይ የአንዲት ቤት ወሬ ሲነሣ ፍርድ ከመስጠታችን በፊት «እናቲቱስ ምን ትላለች?» ብለን እንጠይቅ። እሷው ራሷ ትናገር፤ እኛም እንስማት።