የብራውዘር ምርጫና የኢንተርኔት ደኅንነት
ለማኅበሩ አባላት የቀረበ ንግግር



ብራውዘር ለብዙ ሰው ድረ ገጽ የሚታይበት መስኮት ብቻ ነው። ከዚህም የተነሣ ምርጫው በመልኩ፣ በፍጥነቱ ወይም ከኮምፒዩተሩ ጋር አብሮ ተጭኖ በመምጣቱ ይወሰናል። ነገር ግን ብራውዘር ከመስኮትነቱ ይልቅ ዘበኛነቱ ይበልጣል። ከማይታወቅ ቦታ የመጣ ፕሮግራም በኮምፒዩተሩ ላይ እንዲሠራ የሚፈቅደው፣ በወዲያኛው ጫፍ ያለው ማን እንደሆነም ስለ ባለቤቱ ሆኖ የሚመረምረው እርሱ ነውና።

ዲጂኖታር የተባለው የኔዘርላንድስ ኩባንያ የደረሰበት አደጋ ይህንኑ በግልጽ ያስረዳል። ኩባንያው የድረ ገጾችን ማንነት የሚመሰክር ኤሌክትሮኒክ የምስክር ወረቀት ይሰጥ ነበር፤ ታላላቆቹ ብራውዘሮችም ፊርማውን ያምኑ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሰርጎ ገቦች ኮምፒዩተሮቹን ሰብረው ከ500 የሚበልጡ ሐሰተኛ የምስክር ወረቀቶች አወጡ። ከነዚህም አንዱ በጉግል ስም የተሠራ ሲሆን፣ በኢራን የሚገኙ ተጠቃሚዎችን ግንኙነት በመካከል ለመጥለፍ ዋለ። በኋላ በተደረገው ምርመራ ጥቃቱ ወደ 300,000 የሚጠጉ የኢንተርኔት አድራሻዎችን እንደነካ ታወቀ።

ልብ ሊባል የሚገባው ተንኮሉ የተገለጠበት መንገድ ነው። ሌሎች ብራውዘሮች ሐሰተኛውን ወረቀት እንደ እውነተኛ ሲቀበሉት፣ ክሮም ግን ማስጠንቀቂያ አሳየ። ሠሪዎቹ ለጉግል ገጾች የማን ፊርማ ብቻ ተቀባይነት እንዳለው አስቀድመው በውስጡ አስፍረው ነበርና። አንድ ኢራናዊ ተጠቃሚም ያየውን ማስጠንቀቂያ በኦገስት ወር ይፋ አደረገ። መስመሩ አንድ፣ ድረ ገጹ አንድ፣ አጥቂውም አንድ ነበር፤ ልዩነቱ የብራውዘሩ ብቻ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የብራውዘር ሠሪዎች ዲጂኖታርን ከታመኑት ዝርዝር ሰረዙት፤ ኩባንያውም በሴፕቴምበር ከሰረ። ይሁን እንጂ ስረዛው የጠቀመው እድሳቱን የተቀበለውን ሰው ብቻ ነው። ሳይታደስ የቀረው ኮምፒዩተር የከሰረውን ኩባንያ ፊርማ ማመኑን አልተወም። ዘግይቶ የሚመጣ እድሳት «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» የሚባለው ዓይነት ነው።

ጨርሶ እድሳት የማይመጣለት ብራውዘር ደግሞ ከዚህ የባሰ ነው። ማይክሮሶፍት በአብዛኞቹ የዊንዶውስ 10 እትሞች ላይ ለኢንተርኔት ኤክስፕሎረር 11 የሚሰጠውን ድጋፍ እ.ኤ.አ. ጁን 15 ቀን 2022 አቁሟል። ከዚያ ወዲህ ለእርሱ ብቻ ተብሎ በተሠራ ሶፍትዌር ምክንያት በእነዚህ እትሞች ላይ ብራውዘሩን ራሱን መጠቀሙን የቀጠለ መሥሪያ ቤት ለብራውዘሩ ድጋፍ አያገኝም። እንዲህ ያለው መሥሪያ ቤት ሶፍትዌሩን እስኪለውጥ ድረስ አሮጌውን ብራውዘር ለውስጥ ሥራ ብቻ መወሰን፣ ለኢንተርኔት ግን ሌላ መመደብ ይኖርበታል።

በእርግጥ የይለፍ ቃሉን ራሱ ለአታላይ ገጽ አሳልፎ የሚሰጥን ሰው የትኛውም ብራውዘር ሙሉ በሙሉ አያድነውም። ቢሆንም ለመሥሪያ ቤት ኮምፒዩተር የሚያዘጋጅ መሐንዲስ ሦስት ጥያቄዎችን ማንሣት ይገባዋል። እድሳቱ በምን ያህል ፍጥነት ይደርሳል? አንዱን ድረ ገጽ ከሌላው ለይቶ ያሠራል? የማንንስ ፊርማ ያምናል? ጸሐፊዋም ሆነች ሒሳብ ሹሙ እነዚህን ጥያቄዎች ይጠይቃሉ ተብሎ አይጠበቅም፤ ኮምፒዩተሩን አዘጋጅቶ የሚያስረክባቸው ባለሙያ ግን ሳይጠይቅ ሊያስረክብ አይገባውም።